ሠራተኛ ከቅጥር እስከ ስንብት፦ በመሀል አዲስ አበባ ለሚሠሩ አነስተኛ አሠሪዎች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ፒያሳ ካፌ ለከፈተ፣ መርካቶ የጅምላ መደብር ለያዘ፣ ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ተከራይቶ ከ3 እስከ 50 ሠራተኛ ለሚያሠራ ሰው ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች የሰው ኃይል ክፍልና ጠበቃ አላቸው። ትንሹ አሠሪ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱም በወር አንዴ ብቅ የሚል። እንዲህ ያለ አሠሪ በሥራ ክርክር ችሎት ሲሸነፍ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ወረቀት ነው፤ ማስጠንቀቂያው በቃል ነበር፣ ዕረፍቱ በስልክ ተፈቀደ፣ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ያለ ፊርማ በእጅ ተሰጠ። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው የትኛው ወረቀት በየትኛው ቀን መዘጋጀት አለበት በሚለው ላይ ነው።

ዋናው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አራት ኪሎ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት አንድ ቅጂ ገዝተው ቢሮ ያስቀምጡ። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/96 ተሽሯል፤ ሆኖም በእሱ የተቀረጹ የውል ፎርሞች ዛሬም ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት እየተኮረጁ ይዞራሉ። ውልዎ ላይ «የሙከራ ጊዜ 45 ቀን» የሚል ካዩ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

ሕጉ ማንን ይመለከታል?

አዋጁ የሥራ መሪዎችን፣ የቤት ሠራተኞችንና በራሱ ንግድ ወይም ሙያ ኃላፊነት ሥራ በኮንትራት ወስዶ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ስህተቱ የሚመጣው ከመጠሪያ ነው። የሱቅ ተቆጣጣሪን «ማናጀር» ብሎ መሰየም የሥራ መሪ አያደርገውም። የሥራ መሪ የሚባለው በሕግ ወይም በውክልና የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ነው። ቁልፍ ይዞ ጠዋት በር የሚከፍተው ልጅ ሠራተኛ ነው፤ ትርፍ ሰዓትም ይከፈለዋል። እንዲሁም በእርስዎ ሰዓት እየገባ፣ በእርስዎ ትእዛዝ እየሠራ በወር የሚከፈለውን ሰው «ኮንትራክተር ነው» ማለት ችሎት ፊት አያዋጣም።

1. ቅጥር፦ በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት የሚያልቅ ሥራ

የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ ግን አሠሪው ውሉ ከተደረገበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘና የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን ባያደርግ ሠራተኛው መብቱን አያጣም፤ የሚጎዳው ማስረጃ የሌለው አሠሪ ነው። ስለዚህ ውሉን ሠራተኛው ሥራ በሚጀምርበት ጠዋት ያስፈርሙ፤ በሁለት ቅጂ፣ አንዱ ለእሱ።

ውሉ መያዝ ያለበት፦ የአሠሪው ስምና አድራሻ፤ የሠራተኛው ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የሥራ ካርድ ቁጥር ካለው ቁጥሩ፤ የሥራው ዓይነትና ቦታ፤ የደመወዙ መጠን፣ የሚሰላበት ዘዴና የሚከፈልበት ጊዜ፤ ውሉ የሚቆይበት ጊዜ፤ የሁለቱም ፊርማ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ በተደጋጋሚ ይበላሻሉ።

የሥራ ቦታ። በኮሪደር ልማቱ ከካዛንቺስና ከፒያሳ የተነሡ ድርጅቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። ውሉ «የሥራ ቦታ፦ ፒያሳ ያለው ሱቅ» ብቻ ካለ ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ ሠራተኛው ሊከራከር ይችላል። «ድርጅቱ በአዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር በአዲሱ ቦታ» የሚል ሐረግ ይጨምሩበት። ድርጅቱ ሲዛወር አብሮ ለመሄድ ያልፈለገ ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ግን አይቻልም።

ደመወዝ። «እጄ ላይ 10,000 ብር ይግባ» የሚል ሠራተኛ ብዙ ነው፤ አሠሪውም እሺ ብሎ ውሉ ላይ 10,000 ብር ብቻ ይጽፋል። የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ? ሁለቱ በየፊናቸው ይተረጉሙታል። ሁልጊዜ ያልተጣራውን ይጻፉ። ስሌቱን በሚቀጥለው ክፍል ያገኙታል።

የውሉ ዘመን። ሕጉ የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው፦ ለተወሰነ ሥራ፣ በዕረፍት ወይም በሕመም የቀረን ለመተካት፣ ሥራ ከተለመደው በላይ ሲበዛ፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ለወቅታዊ ሥራና ለመሳሰሉት። ለበዓል ሰሞን ተጨማሪ ሻጭ በተወሰነ ጊዜ ውል መቅጠር ያስኬዳል። ዓመቱን ሙሉ ለሚያስፈልግ ካሸር በየዓመቱ «የአንድ ዓመት ኮንትራት» ማደስ ግን ልማድ እንጂ መብት አይደለም፤ አራተኛው ዓመት ላይ «ውሉ አልቋል» ሲሉ ችሎቱ ወረቀቱን ትቶ የሥራውን ባሕርይ ያያል።

የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ያህል ነው፤ የእሑድና የበዓል ቀናት አይቆጠሩም። «ሦስት ወር ሙከራ» ብሎ መጻፍ ከ60ው በላይ ያለውን ቀን ሕጋዊ አያደርገውም። በሙከራ ጊዜ ለሥራው የማይስማማ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ሊሰናበት ይችላል። 60ኛው ቀን ካለፈ በኋላ መሥራቱን ከቀጠለ ውሉ ከሙከራው መጀመሪያ ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል። 50ኛውን የሥራ ቀን ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ይያዙለት፤ አሠሪዎች ውሳኔውን ያሳልፋሉ፣ 70ኛው ቀን ላይ «አልተመቸኝም» ይላሉ፤ ያኔ ረፍዷል። ቀድሞ በዚያው ሥራ ላይ ሠርቶ የተመለሰን ሰው እንደገና በሙከራ ማስጀመር አይቻልም።

የግል ማኅደሩን በዚያው ቀን ይክፈቱ፦ ውሉ፣ የመታወቂያ ቅጂ (ፋይዳ ካለው እሱን)፣ የቲን ነምበር፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ቅጂ፣ የዋስ ውል ካለ እሱ፣ የሥራ ዝርዝርና የተረከበው ንብረት ዝርዝር። ኦሪጅናል ዲፕሎማ «ለማስያዣ» አይያዙ፤ ሠራተኛው ሲለቅ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ከእሱ ይነሣል። ዕድሜ ያጣሩ፤ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት ሠራተኛ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊት ወይም በትርፍ ሰዓት ማሠራት አይቻልም።

2. ፔይሮል፦ በየወሩ የሚዘጋ ወረቀት

የመክፈያ ሰነዱ ያልተጣራ ደመወዙን፣ የስሌቱን ዘዴ፣ ተለዋዋጭ ክፍያዎችን፣ የተቀነሰውን ዓይነትና መጠን፣ የተጣራውን፣ በመጨረሻም የሠራተኛውን ፊርማ መያዝ አለበት። በባንክ የሚከፍሉም ቢሆን አንድ ገጽ መግለጫ ይስጡት። ሠራተኛው ያለ ተቃውሞ ተቀበለ ማለት የጎደለውን ተወ ማለት አይደለም።

የሥራ ግብር ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው ሠንጠረዥ ይሰላል፦

እስከ 2,000 ብር፦ 0
ከ2,001 እስከ 4,000፦ 15 በመቶ ሲቀነስ 300
ከ4,001 እስከ 7,000፦ 20 በመቶ ሲቀነስ 500
ከ7,001 እስከ 10,000፦ 25 በመቶ ሲቀነስ 850
ከ10,001 እስከ 14,000፦ 30 በመቶ ሲቀነስ 1,350
ከ14,000 በላይ፦ 35 በመቶ ሲቀነስ 2,050

ከ600 ብር ጀምሮ የሚቆርጥ የኤክሴል ፋይል ካለዎት የድሮው ነው፤ ይጣሉት።

ጡረታው በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። የሠራተኛው 7 በመቶ ከግብር በፊት አይቀነስም፤ ሁለቱም የሚሰሉት ካልተጣራው ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ይሳሳታል፦ መጀመሪያ 7ቱን ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ያሰላል፤ ግብሩ በየወሩ ያንሳል፣ ኦዲት ሲመጣ ልዩነቱ ከቅጣቱ ጋር በአሠሪው ላይ ይወድቃል።

«እጄ ላይ 10,000» ወደሚለው እንመለስ። ያልተጣራው ከ10,001 እስከ 14,000 ባለው እርከን ውስጥ ከሆነ የተጣራው = ያልተጣራው × 0.63 + 1,350 ነው (ከ100 ላይ 30 ለግብር፣ 7 ለጡረታ ወጥቶ 63 ይቀራል፤ 1,350 ይመለሳል)። ስለዚህ 10,000 ሲቀነስ 1,350፣ ሲካፈል ለ0.63፤ 13,730.16 ብር ይመጣል። እናረጋግጥ፦ ግብር 2,769.05፣ ጡረታ 961.11፣ እጅ የሚገባ 10,000። የእርስዎ 11 በመቶ 1,510.32 ሲጨመር ይህ ሠራተኛ በወር የሚያስወጣዎት 15,240.48 ብር ነው። ቅጥር ከመስማማትዎ በፊት ይህን ቁጥር ይዩት።

የወሩ ግብርና ጡረታ ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ተመዝግበው ወዳሉበት የገቢዎች ቅርንጫፍ ይገባል፤ የጥቅምቱ እስከ ኅዳር 30። የመጨረሻዎቹን ቀናት አይጠብቁ፤ ያኔ ሲስተሙም ሰልፉም ይጨናነቃል።

ከደመወዝ ስለመቀነስ። በካፌና በሱቅ የካሸር ጉድለት ወይም የተሰበረ ብርጭቆ ከወር ደመወዝ ላይ ዝም ብሎ መቁረጥ የተለመደ ነው። መቀነስ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የተደረገ ውል)፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቅድ፣ አለያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያኔም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የ9,000 ብር ደመወዝተኛ 7,000 ብር ቢጎድልበት በወር ከ3,000 ብር በላይ መውሰድ አይቻልም፤ ለሦስት ወር ከፋፍለው በጽሑፍ ይስማሙ። ከደንበኛ የሚገኝ ቲፕና ሰርቪስ ቻርጅ፣ ቦነስና ኮሚሽን በአዋጁ ትርጉም ደመወዝ ውስጥ አይቆጠሩም፤ «ቲፕ ያገኛል» ብሎ ደመወዙን መተው አይቻልም ማለት ነው።

3. የሥራ ሰዓትና ትርፍ ሰዓት

መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ግዴታ ነው፤ እንደ ደንቡ እሑድ፣ ሥራው ካላመቸ በሌላ ቀን።

ትርፍ ሰዓት በፈለጉ ጊዜ የሚያዝ አይደለም። አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረን ለመተካት ነው የሚፈቀደው። በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ትእዛዙና በተግባር የተሠራው ሰዓት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መመዝገብ አለበት። ነፍሰ ጡርን ትርፍ ሰዓት ማሠራት፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መመደብም ክልክል ነው።

ተመኑ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ እየተባዛ ይሰላል፦ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፤ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5። የድሮው አዋጅ 1.25 እና 1.5 የሚል ነበር፤ የሚጠቀሙበትን ያጣሩ።

የሰዓቱን ክፍያ ለማግኘት የወሩን ደመወዝ ለ208 ያካፍሉ (48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12)። 8,320 ብር የሚከፈለው አስተናጋጅ የሰዓት ክፍያው 40 ብር ነው። ቅዳሜ ማታ የሠርግ ትእዛዝ ገብቶ ከምሽቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ቢሠራ፣ ሁለቱ ሰዓት በ60 ብር፣ ሁለቱ በ70 ብር፣ ድምሩ 260 ብር ይሆናል። የዚያኑ ሌሊት መዝገቡ ላይ ይጻፉ፦ ስም፣ ቀን፣ የመግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ማን እንዳዘዘ፣ ፊርማ። ክፍያውም በደመወዝ ቀን ከፔይሮሉ ጋር ይውጣ፤ በእጅ የተሰጠ 300 ብር ፊርማ ከሌለው እንዳልተከፈለ ነው።

4. ዕረፍትና ፈቃድ

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ ለየሁለቱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። 5 ዓመት ያገለገለ 18 ቀን አለው። ዓመት ያልሞላ በአገልግሎቱ መጠን ይታሰብለታል፦ ለ9 ወር 12 ቀን። ፈቃዱን በገንዘብ ለውጦ ሠራተኛውን ማሠራት የተከለከለ ነው፤ በገንዘብ የሚለወጠው ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ነው። ለማስተላለፍም ጣሪያው ሁለት ዓመት ነው። በመስከረም የሁሉንም ሠራተኛ የፈቃድ ፕሮግራም አውጥተው ይለጥፉ። «ሠራተኛው አልጠየቀኝም» የሚለው መከራከሪያ ደካማ ነው፤ ፕሮግራም የማውጣት ኃላፊነቱ የአሠሪው ነውና። እያንዳንዱ ፈቃድ የራሱ ፎርም ይኑረው፤ የቴሌግራም መልእክት ብቻውን አይበቃም።

የወሊድ ፈቃድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። አባት 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል። ሠራተኛ ሲያገባ 3 የሥራ ቀን፤ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞትበትም 3 የሥራ ቀን። በኛ አገር ለቅሶ በ3 ቀን እንደማያልቅ አሠሪውም ሠራተኛውም ያውቃል፤ ቀሪውን ከዓመት ፈቃዱ ላይ በጽሑፍ ቢያቻችሉት ሁለቱም ይገላገላሉ።

የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ሠራተኛው በማግስቱ ማሳወቅና እውቅና ካለው የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ማስረጃውን ሲቀበሉ የተቀበሉበትን ቀን ጀርባው ላይ ጽፈው ይፈርሙ።

5. የሥራ ቦታ ደኅንነት

የሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊነት ያለ ጥፋትም በአሠሪው ላይ ይወድቃል፤ «ተጠንቀቅ ብዬው ነበር» አያድንም። ጉዳቱ ከግቢው ውጭም ሊሆን ይችላል፤ ድርጅቱ ለሠራተኞች በመደበው ወይም በተከራየው ሰርቪስ ሲመላለስ የደረሰም የሥራ ጉዳት ነው። መከላከያ ዕቃ በአሠሪው ወጪ ይቀርባል፤ ጓንትና ጫማ ከደመወዝ አይቆረጥም።

ካፌ ያለው የጋዝ ሲሊንደሩን ከምድጃው አርቆ አየር በሚነፍስበት ያስቀምጥ፣ ጎማውን በየወሩ በሳሙና ውኃ ይፈትሽ፤ አረፋ ከወጣ ይለውጥ። የቡና ማሽን የእንፋሎት ቱቦ ላይ የሚቃጠሉት በአብዛኛው አዳዲሶቹ ናቸው፦ ወተቱን ከማስገባታቸው በፊት እንፋሎቱን ይከፍታሉ፣ ወይም ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ሳይዙ ይጠርጋሉ። የመጀመሪያ ቀን ሥልጠና ሰጥተው ያስፈርሙ። መርካቶ መጋዘን ያለው ደግሞ የደረጃውን መብራትና መደገፊያ ይመልከት፤ ካርቶን ተሸክሞ የሚወርድ ሰው እግሩን አያየውም።

ጉዳት ሲደርስ በቅደም ተከተል፦ ማሳከም (የሕክምና ወጪው የአሠሪው ነው)፣ በዚያው ቀን በጉዳት መዝገብ መጻፍ፣ ያዩ ሰዎችን ቃል መያዝ፣ ለከተማው ሥራና ክህሎት መዋቅር የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ። ተቆጣጣሪው ሳያሳውቅም ሊመጣ ይችላል። ሲመጣ የሚጠይቀው ከላይ የዘረዘርናቸውን መዝገቦች ስለሆነ በአንድ መደርደሪያ ይሁኑ።

6. ጥፋትና ማስጠንቀቂያ

ያለ ማስጠንቀቂያ (አስቀድሞ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጡ) ለማሰናበት ከሚያበቁት ምክንያቶች ሁለቱ በቁጥር የተቀመጡ ናቸው፦ ያለ በቂ ምክንያት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ የሥራ ሰዓት አለማክበር፣ እና በ6 ወር ውስጥ 5 የሥራ ቀን መቅረት። ሁለቱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የታገዙ መሆን አለባቸው። ማታለል፣ የድርጅቱን ንብረት መውሰድ፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ፣ ሥራ ቦታ ላይ መደባደብም በአዋጁ ተዘርዝረዋል።

ማስጠንቀቂያው ይህን ይምሰል፦ «የሥራ መግቢያ ሰዓት ጠዋት 2፡00 ሆኖ ሳለ በ___ ቀን 2፡47 መግባትዎ በሰዓት መቆጣጠሪያው ተመዝግቧል። ሲጠየቁ የሰጡት ምክንያት ___ ነው። ይህ ባለፉት 6 ወራት ውስጥ 3ኛው ሲሆን ከዚህ በኋላ እንዳይደገም በጽሑፍ እናስጠነቅቃለን።» ምክንያቱን የግድ ይጻፉት። በዝናብ ቀን የታክሲ ሰልፍ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የጠየቀና የመዘገበ አሠሪ ግን ከፍርደ ገምድልነት ሐሜት ይድናል። ሠራተኛው አልፈርምም ካለ «ተሰጥቶት አልፈርምም ብሏል» ብለው ሁለት እማኞች ያስፈርሙ። «በአጠቃላይ ሥነ ምግባርዎ ስላላማረን» የሚል ማስጠንቀቂያ ቀንም ድርጊትም የለውም፣ ስለዚህ አይቆጠርም።

አሠሪዎችን በብዛት የሚጥል አንድ ነገር ጊዜ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ያበቃል። መስከረም ላይ የካሸሯን ጉድለት ደርሶበት «እስከ ገና እንታገሥ» ያለ ነጋዴ በጥር ሲያሰናብት ጉድለቱ እውነት ቢሆንም ስንብቱ ሕገ ወጥ ይሆንበታል። ማጣራት ካስፈለገ ሠራተኛውን ከ30 የሥራ ቀናት ላልበለጠ ጊዜ ማገድ ይቻላል።

7. ስንብት

ምክንያቱንና ቀኑን የያዘ ደብዳቤ ይስጡ። የማኅበር አባልነት፣ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ ዘር፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝና፣ የአካል ጉዳት በምንም መልኩ የስንብት ምክንያት አይሆኑም። እርጉዝ ሠራተኛን፣ ወልዳም ከሆነ ለአራት ወራት ማሰናበት በሕግ የተገደበ ጉዳይ ነው፤ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

የማስጠንቀቂያ ጊዜው፦ ሙከራውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፤ ከ1 እስከ 9 ዓመት 2 ወር፤ ከ9 ዓመት በላይ 3 ወር፤ በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት 2 ወር። ሠራተኛው ከጠፋ ወይም አልቀበልም ካለ ማስጠንቀቂያውን በሥራ ቦታው ግልጽ በሆነ ሰሌዳ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጥፉ፤ ፎቶ ያንሡት፣ የለጠፈውና ያየው ይፈርሙ። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

የስንብት ክፍያ በየስንብቱ ሁሉ አይከፈልም። ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ቅነሳ ሲደረግ፣ ስንብቱ ከሕግ ውጭ ሲሆን፣ ቢያንስ 5 ዓመት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ ለሚለቅ (በሥልጠና ምክንያት የማገልገል ግዴታ ከሌለበት) እና በአዋጁ በተዘረዘሩ ሌሎች ሁኔታዎች ነው። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ፣ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያ ሲሶ፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ። 12,000 ብር እየተከፈለው 4 ዓመት ለሠራ 12,000 እና ሦስት ጊዜ 4,000፣ በድምሩ 24,000 ብር።

የዚሁ ሰው ስንብት ሕገ ወጥ ከተባለና ችሎቱ ወደ ሥራ ከመመለስ ይልቅ ካሳ ከወሰነ፦ የቀን ደመወዙ 400 ብር በ180 ተባዝቶ 72,000፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ 24,000፣ የስንብት ክፍያ 24,000፤ ድምር 120,000 ብር። አንድ የጠፋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚያስከፍለው ይህን ነው።

የመጨረሻውን ሒሳብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይዝጉ፦ እስከ መጨረሻው ቀን ያለው ደመወዝ፣ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት፣ ያልወሰደው ፈቃድ በገንዘብ፣ የሚገባው ከሆነ የስንብት ክፍያ። ፈቃዱን በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ደመወዙን ለ26 አካፍለው ያሰሉ፤ በ10,400 ብር ደመወዝ አንድ ቀን 400 ብር፣ 12 ቀን 4,800 ብር። ከዘገዩ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርብዎ ይችላል። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ሳይመልስ ካዘገየ ጊዜው ይራዘማል፤ ስለዚህ ክሊራንስ ፎርሙን በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይስጡት። የሥራ ልምድ ማስረጃ ግን ከክሊራንስ ጋር አይያያዝም፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የያዘ ማስረጃ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ በነፃ ይሰጠዋል።

8. ክስ ሲመጣ

በአዲስ አበባ የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ይግባኙ በ30 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። መጥሪያው ሲደርስ መጀመሪያ የይርጋውን ቀን (ክስ የማቅረቢያ ጊዜው የሚያበቃበትን) ይቁጠሩ፦ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት እንዲሁም ከውል መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያ በ6 ወር፣ ሌላው በ1 ዓመት ይታገዳል። ይርጋ መቃወሚያ ሆኖ በመጀመሪያው የጽሑፍ መልስ ላይ ካልተነሣ ችሎቱ በራሱ አያነሣልዎትም።

ከዚያ ማኅደሩን ያውጡና ክሱ ላይ ለተጻፈው ለእያንዳንዱ የገንዘብ ጥያቄ አንድ ሰነድ ይደርድሩ፤ ለፈቃድ የፈቃድ ፎርም፣ ለትርፍ ሰዓት መዝገቡና ፔይሮሉ፣ ለስንብት ደብዳቤውና ማስጠንቀቂያዎቹ። ሰነድ ያልተገኘለት ጥያቄ ካለ እሱን ለይተው ከሠራተኛው ጋር በእርቅ ለመጨረስ ያስቡ፤ ስምምነቱም ተጽፎ ለችሎቱ ቀርቦ ይመዝገብ። የለቀቀ ሠራተኛ ማኅደር ይርጋው ስላለፈ አይቃጠልም፤ የገቢዎች ኦዲት ወደ ኋላ ያሉ ዓመታትን ያያል፣ ሠራተኛውም ጡረታ ሲወጣ ያገለገለበትን ዘመን ፍለጋ ተመልሶ ይመጣል። በዓመተ ምሕረት እየለዩ በካርቶን አሽገው፣ ስካን ያደረጉትን ደግሞ ከሱቁ ውጭ በሌላ ቦታ ያስቀምጡ።